ፍቅር እስከ መቃብርን የቱን ልግዛ? አዲሱ፣ አሮጌው፣ ኮፒው ወይስ ትረካው

ፍቅር እስከ መቃብር እንደገና ታትሞ በመጣ ቁጥር ባሕር ዳር ላይ ያው ጥያቄ ይነሳል። አዲሱን ልግዛ ወይስ አሮጌውን ላፈላልግ? ኮፒውስ ምን አለበት? ቴሌግራም ላይ በነጻ እያለ ለምን ብር አወጣለሁ? የወጋየሁ ንጋቱ ትረካ እያለስ ማንበቡ ለምን አስፈለገ? የሁሉም ስም አንድ ስለሆነ ልዩነት የሌላቸው ይመስላል። እጃችሁ ላይ የሚገባው ነገር ግን በጣም ይለያያል።

መጽሐፉ መጀመሪያ የወጣው በ1958 ዓ.ም ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የጎጃም ሰው ናቸው። ታሪኩም የሚጀምረው ጎጃም ውስጥ፣ ማንኩሳ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ በመኪና የሄደ ሰው ፍኖተ ሰላም አካባቢ ስሙን ሳይሰማ አይቀርም። ከዚያ ታሪኩ ወደ ዲማ ይሻገራል። ስለዚህ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ብዙው ቃል አያቶቻችን ቤት የሰማነው ነው።

ወደ ንጽጽሩ ከመግባቴ በፊት አቋሜን ልናገር። ብዙ ሰው ይህን መጽሐፍ የሚያውቀው በሰብለ ወንጌልና በበዛብህ ፍቅር ነው። ሁለቱ ከመገናኘታቸው በፊት ግን የበዛብህ እናትና አባት ታሪክ አለ። ውድነሽ በጣሙና ቦጋለ መብራቱ። ሁለቱ ተጋብተው አንድ ልጅ ያገኛሉ። ያንን ልጅ ሞት እንዳይነጥቃቸው ለቤተ ክርስቲያን ይሳሉታል። ልጁ የስለት ልጅ ሆኖ ያድጋል፤ ወደ ቤተ ክህነት ትምህርት ይሄዳል። በኋላ የሚመጣው መከራ ሁሉ ሥሩ እዚህ ነው። ይህን ክፍል የዘለለ ሰው በዛብህ ሰብለን ሲወድ ለምን እንደሚፈራ አይገባውም። ልጁ የሚፈራው የሰብለን አባት ፊታውራሪ መሸሻን ብቻ አይደለማ! እናቱ የገባችው ቃልም አለበት።

ስለዚህ እኔ አማራጮቹን የምመዝነው በአንድ ነገር ነው። የትኛው ነው ሰውን ከመጀመሪያው ገጽ አስጀምሮ እስከ መጨረሻው የሚያደርሰው? ሽፋኑ ማማሩ ሁለተኛ ነገር ነው።

ምን ምን እንይ?

የመጀመሪያው ጽሑፉ ሙሉ መሆኑ ነው። መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ነው። እንዲህ ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ጥቂት ገጽ ቢጎድል ሻጩም ገዢውም ላያውቅ ይችላል። መጽሐፍ የሚታተመው በትልልቅ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ ሲታጠፍ ብዙ ጊዜ 16 ገጽ ይወጣዋል። ስለዚህ ስህተት ሲፈጠር አንድ ገጽ ብቻ አይጎድልም። አሥራ ስድስቱ በአንድ ላይ ይጎድላሉ፣ ወይ ሁለት ጊዜ ይገባሉ፣ ወይ ተገልብጠው ይሰፋሉ። ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ የገጽ ቁጥሩን ቶሎ ቶሎ እያገላበጣችሁ እዩ። ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ባለሱቁ ቢኮሳተርም እዩ።

ሁለተኛው ፊደሉ ነው። መጠኑና ጥራቱ የታወቀ ነው፤ ዓይኑ የደከመ ሰው ደቃቅ ፊደል አይሆነውም። እዚህ መጽሐፍ ላይ ግን አንድ ልዩ ነገር አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ የአማርኛ አጻጻፍ እንዲሻሻል ከሚሟገቱት ሰዎች አንዱ ነበሩ። በዚህ ልብ ወለድ ላይ ጠብቆ የሚነበበውን ፊደል ለማሳየት አናቱ ላይ ነጥብ አድርገውበታል። ሌላ መጽሐፍ ላይ ይህን የምታገኙት ከስንት አንዴ ነው። አንባቢው «አለ» የሚለውን አጥብቆ ያንብበው ወይስ አላልቶ፣ ነጥቧ ትነግረዋለች። ፊደሉ እንደገና ተለቅሞ የታተመ እትም ስታዩ ነጥቦቹ አሉ ወይስ ቀርተዋል ብላችሁ ተመልከቱ። ለታሪኩ ብቻ ለሚያነብ ሰው ቢቀሩም ችግር የለም። ደራሲው የደከሙበትን ነገር እንዳለ ማየት ለሚፈልግ ግን ትልቅ ልዩነት ነው።

ሦስተኛው ጥረዛው ነው። መጽሐፉ በስንት እጅ ይዞራል? ጥሩ መጽሐፍ ባሕር ዳር ላይ የባለቤቱ መደርደሪያ ላይ አይቆይም። ጎረቤት ይወስደዋል፣ የአክስት ልጅ ይወስደዋል፣ ዶርም ይገባል። በኮላ ብቻ የተጣበቀ ወፍራም መጽሐፍ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት ጀርባው ይደርቅና ቅጠል ቅጠሉ ይለያያል። ክረምት ላይ ደግሞ የሐይቁ እርጥበት ወረቀቱን ያወዛዋል። በክር የተሰፋ ይሻላል። መሐሉን ከፍታችሁ ክሩን ፈልጉ።

አራተኛው መብት ነው። ደራሲው ያረፉት በ1996 ዓ.ም ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት ዕድሜውን ሙሉና ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይጸናል። ስለዚህ መጽሐፉ «ያረጀ ስለሆነ የሕዝብ ነው» የሚለው ወሬ ልክ አይደለም። ወራሾች አሉት።

አምስተኛው ዋጋ ነው። እዚህ ቁጥር አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ወር አይሠራም። ስሌቱን ግን አብረን እንሠራለን።

አዲሱ እትም

አብዛኛው ሰው በመጨረሻ የሚገዛው ይህንን ነው። ልክም ነው። ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ፊደሉ ጎልቶ ይነበባል። ገጹ ከተሳሳተም ወደ ሱቁ ተመልሶ መለወጥ ይቻላል፤ ደረሰኝ መያዛችሁን አትርሱ።

ችግሩ «አዲስ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር መሸፈኑ ነው። መጽሐፉ በተደጋጋሚ ታትሟል። አዲስ የሚመስለው ሁሉ ፈቃድ ያለው እትም አይደለም። ከአሮጌው ላይ ተነስቶ፣ አዲስ ሽፋን ለብሶ የሚሸጥም ይኖራል። መለየት አይከብድም። ሽፋኑን ግለጡና የመጀመሪያዎቹን ገጾች አንብቡ። ስንተኛ እትም እንደሆነ ተጽፏል? ዓመተ ምሕረቱስ? ማተሚያ ቤቱ፣ አሳታሚው፣ የመብት ማስታወቂያው አለ? ከዚያ አንድ ገጽ ወደ ብርሃን አቅርቡ። በፊደሎቹ ዙሪያ ግራጫ ጥላ ካለ፣ መስመሩ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ፣ ዳር ላይ የማይገባ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ፣ ከሌላ መጽሐፍ ላይ የተነሳ ነው። «ኦርጅናል ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ሁሉም «አዎ» ነው የሚላችሁ።

ባሕር ዳር ላይ ካጣችሁት ከአዲስ አበባ ማስላክ ይቻላል። ለአንድ መጽሐፍ ግን የመላኪያው ዋጋ ያስቆጫል። አራት አምስት ሰው ሆናችሁ በአንድ ላይ አስመጡት። የሚልክላችሁን ሰው የመጀመሪያዎቹን ገጾች በስልኩ ፎቶ አንስቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ ከዚያ ብሩን ላኩ።

አሮጌው እትም

እኔ ለዚህ አደላለሁ። ግን ለሁሉም ሰው አልመክረውም።

የቀድሞ እትም የምታገኙት ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮችና ከአዟሪዎች ነው። አንዳንዴ ደግሞ ከሰው ቤት። ከድሮ የባሕር ዳር ኮሌጆች፣ የፔዳና የፖሊ፣ ተማሪዎች ቤት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ አይጠፋም። ጥቅሙ ሁለት ነው። ወደ ደራሲው ዘመን የቀረበ ጽሑፍ ታገኛላችሁ፤ ነጥቦቹንም የማግኘት ዕድላችሁ ይሰፋል። ሁለተኛው ጥረዛው ነው። ያን ሁሉ ዓመት ሳይበተን የቆየ መጽሐፍ ጥረዛው ተፈትኖ አልፏል።

ጉዳቱስ? መጀመሪያ የሚጠፉት የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ገጾች ናቸው። ከላይ እንዳልኩት ደግሞ የመጽሐፉ መሠረት ያለው መጀመሪያው ላይ ነው። ከፊት የጎደለ ፍቅር እስከ መቃብር ውድነሽንና ቦጋለን አጉድሎባችኋል ማለት ነው። ያንን በርካሽም አልገዛም። ቀጥሎ ብል ያያችሁ እንደሆነ ተጠንቀቁ። ደቃቅ ቀዳዳ ያለው፣ ሲያራግፉት ዱቄት የሚጥል መጽሐፍ ቤት ካሉት ሌሎች መጻሕፍት ጋር አይቀመጥም። የሻገተ ሽታ ያለውም አስም ላለበት ሰው አይሆንም። ወረቀቱ ቢጫ መሆኑ ግን አያስፈራ። ጠርዙን በቀስታ ስታጥፉት ካልተሰበረ ገና ብዙ ያገለግላል።

ዋጋው ዝብርቅርቅ ነው። የመጽሐፉን ስም የሚያውቅ ሻጭ «የድሮው ነው» ብሎ ከአዲሱ በላይ ሊጠራ ይችላል። የማያውቅ ደግሞ ከሌላው ጋር ደባልቆ በርካሽ ይሰጣችኋል። ፊታችሁ ላይ ጉጉት እንዳይነበብ።

ፎቶ ኮፒው

እዚህ ላይ ስሌቱን እንሥራ። መጽሐፉ 500 ገጽ ብቻ ነው እንበል። ሁለት ሁለት ገጽ እየተከፈተ በአንድ ፊት ቢነሳ 250 ፊት ይሆናል። ፊትና ጀርባ ከሆነ 125 ቅጠል ወረቀት ነው። ዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ላይ ያለውን የአንድ ፊት ዋጋ ጠይቁና በ250 አባዙት። የስፓይራል ጥረዛውን ጨምሩበት። ያገኛችሁትን ቁጥር ከአዲሱ መጽሐፍ ዋጋ ጋር አስተያዩ። ብዙ ተማሪ ይህን ሳያሰላ ነው «ኮፒ ይረክሳል» የሚለው። ልዩነቱ ጥቂት ሆኖ ከተገኘ ለምን ትደክማላችሁ?

በዚያ ላይ የመጽሐፉ መሐል ሲነሳ ወደ ጀርባው የሚጠጉት ፊደላት ይጨልማሉ ወይ ይቆረጣሉ። ነጥቦቹም ይጠፋሉ። ይባስ ብሎ ያልነበረ ነጥብ ይፈጠራል፤ የቀለም ጠብታው ፊደሉ አናት ላይ ካረፈ ማን ይለየዋል? ስለ መብቱም ተናግሬያለሁ። ለክፍል ውይይት ጥቂት ገጽ ማንሳት ሌላ ነገር ነው። ሙሉውን ማባዛት ግን በዋጋም በመብትም አያዋጣም።

ሶፍት ኮፒው

ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የገጾቹ ፎቶ ነው። ከባድ ፋይል ነው፤ በስልክ ሲነበብ እያሰፉ እያጠበቡ መሄድ ያደክማል። ግን ገጹን እንዳለ ያሳያል። ሌላው እንደገና የተጻፈ ነው። ቀላል ነው፣ ቃል መፈለግ ይቻላል። ነገር ግን ማን እንደጻፈው አይታወቅም፤ መስመር ዘሎ ይሆናል፣ ፊደል ስቶ ይሆናል። አራሚ የለውም።

ሁለቱም ላይ የማየው ትልቁ ችግር ሌላ ነው። ስልክ ላይ ይህን የሚያህል መጽሐፍ የሚጨርስ ሰው ስንት ነው? ሰው ያወርደዋል፤ «አለኝ» ይላል፤ ማንኩሳን ሳይሻገር ማሳወቂያ ይጠራዋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ባትሪው ለሌላ ጉዳይ ይፈለጋል። ፈቃድ አግኝቶ የወጣ ዲጂታል እትም ካገኛችሁና ከቤት ርቃችሁ የምትኖሩ ከሆነ ነገሩ ይለያል። አለበለዚያ አንድን ጥቅስ ለመፈለግ ካልሆነ በቀር አልመክርም።

ትረካው

ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው ፍቅር እስከ መቃብር በብዙ ቤት ከመጽሐፉ ቀድሞ የገባ ነው። ዛሬም ድምፁን የሚያውቁ ሽማግሌዎች የመጽሐፉ ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሣ ሲነሳ በወጋየሁ ድምፅ ነው የሚያስታውሱት። ጥቂት የማይባል ሰው አንብቤዋለሁ የሚለው ሰምቶት ነው። ይህ ነቀፌታ አይደለም። የሐዲስ ዓረፍተ ነገር ረዥም ነው። ለማንበብ ትንፋሽ ይጠይቃል። ጥሩ ተራኪ የት ማረፍ እንዳለበት ያውቃል፤ የጠበቀውንም የላላውንም በድምፁ ይለየዋል። ነጥቦቹ ወረቀት ላይ የሚሠሩትን ሥራ ትረካው በጆሮ ይሠራዋል።

ማንበብ ለማይችሉ፣ ዓይናቸው ለደከመ፣ እጃቸው ሥራ ለማይፈታ ሰዎች ከዚህ የተሻለ የለም። ባጃጅ ነጂውም፣ ሱቅ የምትጠብቀውም፣ ቡና የምታፈላውም ይሰማዋል።

ችግሩ በይነ መረብ ላይ ተቆራርጦ መገኘቱ ነው። «ክፍል 7» ይላችሁና ክፍል 1 አይገኝም። ሰው ያገኘውን ይሰማል፤ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ደግሞ የፍቅሩን ክፍል ነው። ከመስማታችሁ በፊት ክፍሎቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ በተራ አሰባስቡ። ዋይፋይ ባለበት ቦታ አውርዳችሁ ሜሞሪ ካርድ ላይ ጫኑት። ኔት ሲቋረጥም ይሠራል፣ ፓኬጅም አይበላም። ተማሪዎች ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ከትረካ ገጽ መጥቀስ አይቻልም።

መዋስ

ብር ሳታወጡ ሙሉውን መጽሐፍ የምታነቡበት መንገድ ይህ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ ሰው መታወቂያውን ይዞ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይሂድ። ያልሆነ ሰው መግባትና መዋስ እንደሚፈቀድለት አስቀድሞ ይጠይቅ። የየትምህርት ቤቱንም አትናቁ። የውሰቱ ጊዜ ለዚህ ወፍራም መጽሐፍ አጭር ሊሆን ይችላል፤ ማራዘም ይቻል እንደሆነ ስትወስዱ ጠይቁ። ፈተና ሲደርስ አትሞክሩት።

ባጭሩ ሲታይ

| አማራጭ | ሙሉነት | ለዓይን | ጥንካሬ | መብት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| አዲስ እትም | ጥሩ፤ ገጹን ቁጠሩ | በጣም ጥሩ | እንደ ጥረዛው | ፈቃድ ካለው የተጠበቀ | ከፍ ያለ |
| አሮጌ እትም | ፊቱና ኋላው ይታይ | መካከለኛ | ብዙ ጊዜ ጥሩ | ችግር የለውም | የሚዋዥቅ |
| ፎቶ ኮፒ | የሚያሰጋ | ደካማ | ደካማ | የተጣሰ | ከሚታሰበው በላይ |
| ሶፍት ኮፒ | ይለያያል | በስልክ አድካሚ | ስልኩ እስካለ | አብዛኛው የተጣሰ | ኔትና ባትሪ |
| ትረካ | ክፍሎቹ ከተሟሉ ጥሩ | ዓይን አያስፈልገውም | ሜሞሪው እስካለ | እንደ ምንጩ | አነስተኛ |
| መዋስ | መጽሐፉን አይቶ | መካከለኛ | አይመለከታችሁም | ችግር የለውም | የለውም |

ለማን የቱ?

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከሆናችሁና ኪሳችሁ ከሳሳ፣ ተዋሱ። ካልተገኘ ሦስት አራት ሆናችሁ አዋጡና አንድ አዲስ ግዙ። ተራ አውጡ፤ ፈጣን አንባቢው ይቅደም። ከኮፒ ይህ በብዙ ይሻላል፤ ስታነቡም የምትከራከሩት ሰው ታገኛላችሁ።

አማርኛ ሥነ ጽሑፍ የምታጠኑ ከሆነ መጀመሪያ መምህራችሁን የትኛውን እትም እንደሚጠቀሙ ጠይቁ። የገጽ ቁጥሩ ከእትም እትም ሊለያይ ስለሚችል ጥቅሳችሁ አልገጥም ይላል። ስለ ደራሲው አጻጻፍ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ነጥብ ያለበትን አሮጌ እትም ሳታዩ አትጻፉ።

ለእናት፣ ለአባት ወይ ለአያት ከሆነ ትረካውን በሜሞሪ ካርድ ጫኑላቸው፤ አዲሱንም መጽሐፍ አብራችሁ ስጧቸው። ማታ የልጅ ልጅ ያነብላቸዋል። ከዲማ ወይ ከማንኩሳ አካባቢ የመጡ ከሆኑማ ገጹ ላይ ያልተጻፈውንም ይጨምሩላችኋል።

ለሠርግ ወይ ለምረቃ ስጦታ በክር የተሰፋ አዲስ እትም ግዙ። ደረቅ ሽፋን ካጣችሁ በጥሩ ጠራዥ ማስጠረዝ ይቻላል። ጠራዡ ዳርና ዳሩን ሲከረክም ወደ ጽሑፉ እንዳይጠጋ አስቀድማችሁ ንገሩት።

የንባብ ቡድን ካላችሁ ሁላችሁም አንድ ዓይነት እትም ያዙ። አለበለዚያ ስብሰባው «ገጽ ስንት ነው ያልከው?» በሚል ያልቃል። ለመጀመሪያው ስብሰባ እስከ የት ይነበብ ካላችሁኝ፣ በዛብህ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት እስኪደርስ ያለውን ብቻ አንብባችሁ ኑ። ውድነሽ ያን ስለት መሳሏ ልክ ነበር ወይ በሚለው ላይ ተከራከሩ። ሁለት ሰዓት አይበቃችሁም።

የቱንም ብትመርጡ ከመክፈላችሁ በፊት የመጀመሪያዎቹን ሃያ ገጾች አንድ በአንድ ግለጡ። እነሱ ካሉ ሌላው ይታያል።